ባለሁለት ታርጋው መንገድ

ራዲዮ ጣቷን ካርታው ላይ ተከለች።

«ይኼ የማን ቤት ነው?»

«የኛ» አለች ሜትሬ።

«ቀለሙስ?»

«ቢጫ።»

«ይኼኛውስ?»

የራዲዮ ጣት አምስት ቤት ወዲህ ተሻግሮ ነበር። ቤቱ የራዲዮ ነው፤ ቀለሙ ቀይ ነው።

ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ጎራ ያሉት ለዚሁ ነበር። የግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍነው ካርታ ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ከላይ በትልልቁ «የከተማው አስተዳደርና የወረዳው የጋራ የመሬት አጠቃቀም ፕላን» ይላል። ከታች ደግሞ በደቃቁ፦ ቢጫ ለመኖሪያ፣ አረንጓዴ ለዛፍ፣ ቀይ «ለመኖሪያ የማይፈቀድ ተዳፋት»። ቀዩ ውስጥ የገባ ቤት ይነሳል ማለት ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ቅጽ ሞልቶ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ሳጥኑ ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይከፈትና ነገሩ ያልቃል፤ ፕላኑ ይጸድቃል።

«ከሃያ ሁለት ቤት አራት ብቻ» አለች ራዲዮ። «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ። ከዚያ ቀዩ ፍሬን ይይዛል። እናንተ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው!»

«ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፤ ሰው ነው የሚለው። ቀያሿ የማን እናት ናት እያለ ነው ሰው።»

ራዲዮ፣ ራዲዮ የተባለችው በከንቱ አይደለም። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ድስት ሲሰበር ድምፁ ከመድረሱ በፊት እሷ ትደርሳለች። ሜትሬም ብትሆን ስሟን ያገኘችው በሰበብ ነው። እናቷ የከተማው ፕላን ቢሮ ቀያሽ ናት። ሜትሬ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ ተጭና ትይዝላት ነበር። «ያዝሽው?» ስትባል «ያዝኩት!» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር። አሁን አስራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

«እናቴ እንደዚያ አታደርግም» አለች።

«እሺ።»

«አታደርግም አልኩሽ!»

«እሺ አልኩ እኮ!» ራዲዮ ጣቷን ከካርታው አነሳች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «አያቴ ትናንት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ስንነሳ የሎሚ ዛፏን ከነሥሩ ነቅሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ሁለቱም አቀበቱን ተያያዙት።

መንደሩ ኮረብታው ወገብ ላይ ነው ያለው። ታችኛው የከተማው ነው፣ ላይኛው የወረዳው። የነሜትሬ መንገድ ግን መሃል ላይ ስለዋለ ለዓመታት ሁለቱም «የኔ ነው» ሲሉት ኖረዋል፤ ግብር ለመሰብሰብ ሲሆን ማለት ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ደግሞ ሁለቱም «የነሱ ነው» ይላሉ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ስለለጠፉ በየበሩ ሁለት ታርጋ አለ፤ የከተማው ሰማያዊ፣ የወረዳው አረንጓዴ። ሰው የሚያውቀው ሰማያዊውን ነው። አረንጓዴውን ዝገት በልቶታል፤ የራዲዮ አያት እንዲያውም ነቅለው የዶሮ ቤት ቀዳዳ ደፍነውበታል። አዲስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ በመጣ ቁጥር ግማሽ ቀን እዚያው ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ሁለቱ ቢሮዎች ታርቀው አንድ ፕላን ሊሠሩ ነው ሲባል ሰፈሩ ደስ ብሎት ነበር፤ ካርታው እስኪለጠፍ ድረስ።

ሜትሬ ለራዲዮ አፏን ሞልታ ብትመልስም ሆዷ ግን እንደ አፏ አልተማመነም። እናቷ ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆናለች። ድሮ ስልክ ሲደወል ሽንኩርት እየከተፈች የምታወራ ሴት፣ አሁን ስልኳን ይዛ ጓሮ ትወጣለች። ወንበር ላይ ይወረወር የነበረው ቦርሳ ቁምሳጥን አናት ላይ መውጣት ጀምሯል። ማክሰኞ ዕለት ሜትሬ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ስትወጣ ጆሮዋ የያዘው ነገር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

«እኔም እፈርማለሁ፣ አንተም ትፈርማለህ» ትል ነበር እናቷ በስልክ። «ግን እስኪጸድቅ ትንፍሽ እንዳትል። በተለይ የኛ ሰፈር እንዳይሰማ።»

ዞር ስትል ልጇን አየች። «ልብሱ ደረቀ?» አለች ፈገግ ብላ። ሜትሬ ያ ፈገግታ አልጣማትም።

«ስሚ» አለች ራዲዮ አቀበቱ አጋማሽ ላይ ቆም ብላ። «እናትሽ የምትለካውን አንቺ መለካት ትችያለሽ?»

«ተዳፋት? ቀላል እኮ ነው።» ካለችው በኋላ ባትለው ኖሮ ብላ ተመኘች።

«በይ የኛን ለኪልን። ዛሬውኑ።»

የሜትሬ አባት ግንበኛ ስለሆነ ዕቃ አልቸገራቸውም። ሁለት ሜትር ጣውላ፣ ውሃ ልክ እና ሜትር ከመሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ አንስተው እነራዲዮ ጓሮ ገቡ። ሥራው እንዲህ ነው፦ የጣውላው አንድ ጫፍ ላይኛው መሬት ላይ ያርፋል፤ ሌላው ጫፍ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል እስኪገባ ድረስ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከጫፉ እስከ መሬት ያለው ይለካል። ይህን ቁልቁል አምስት ጊዜ ደጋግመው ሲደምሩት፣ መሬቱ በአስር ሜትር ውስጥ ስንት እንደሚወርድ ይታወቃል። ከሦስት ሜትር በላይ ከወረደ ቀይ ነው።

ራዲዮ ጣውላውን ያዘች፣ ሜትሬ ለካች። «አርባ ሁለት። ጻፊ። አርባ አንድ። አርባ ሦስት።» በሎሚው ዛፍ ሥር አለፉ። አያትየዋ በረንዳው ላይ ሆነው «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ። «አርባ ሁለት። አርባ ሁለት።»

ራዲዮ ደብተሯ ላይ ደመረች። ደግማ ደመረች።

«ሁለት ሜትር ከአስር! ሦስት የት አለ? ታዲያ እኛ ለምን ቀይ ሆንን?» ከዚያ ዓይኗ ጠበብ አለ። «ነይ፣ የናንተን ደግሞ እንለካ።»

«አባዬ መግቢያው ላይ አሸዋ ደፍቶበታል፤ አይመችም። እኔው ለክቼ እነግርሻለሁ።»

«አትፎግሪኝ፣ ሜትሬ።»

«እውነቴን ነው፤ እነግርሻለሁ አልኩሽ።»

አሸዋው ተደፍቶ የነበረ ቢሆንም የተደፋው ሌላ ጥግ ላይ ነው። አባቷ ከጓሮው በኩል አዲስ ክፍል እየሠራ ነበር፤ የሜትሬን ክፍል። ተኝተው በእግራቸው ከሚደባደቡ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር አንድ አልጋ ስትጋራ ያደገች ልጅ የዚህን ክፍል እያንዳንዱን ብሎኬት በስም ታውቀዋለች ማለት ይቻላል። የቀረው የመስኮቱ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ጠዋት ይገባል።

አባቷ ገና ከሥራ አልተመለሰም ነበር። ሜትሬ የጣውላውን ጫፍ በብሎኬትና በድንጋይ ደግፋ ብቻዋን ለካች። የመጀመሪያው ስልሳ ስምንት መጣ። ተሳሳትኩ ብላ ደገመችው። ስልሳ ስምንት። ቀጥሎ ስልሳ ሰባት፣ ከዚያ ሰባ። አራተኛው አባቷ ከሠራው የድጋፍ ግንብ ጎን ላይ ነበር። አባቷ «ይኼ ግንብ ባይኖር ኮረብታው ራሱ ሄዶ ነበር» እያለ ሲፎክርበት ያደገችበት ግንብ ነው። አምና ሲሰነጠቅ በስሚንቶ ሞላውና «አዲስ ስሚንቶ ሲደርቅ እንዲህ ያደርጋል» አለ። ዘንድሮም ሞላው። አሁን ከሙሌቱ አጠገብ ሌላ ስንጥቅ አለ፤ ሜትሬ ጣቷን ስትሰድበት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ሰባት። ድምሩ ሦስት ሜትር ከአርባ።

«ስንት ሆነ?» ራዲዮ ከአጥሩ ውጭ ነበረች። መታገሥ አልሆነላትም።

«ሁለት ከሃያ!» አለች ሜትሬ።

ውሸቱ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው።

«እንደኛው ነዋ! ታዲያ የኛ ነው የተሳሳተው እንጂ... ኧረ እኔ ደግሞ፣ እናትሽን ጠርጥሬ! ሼም ነው የያዘኝ። ይቅርታ በይልኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ሜትሬ። ጣውላው ላይ ተቀመጠች።

ወዲያው ተነስታ ቤት ገባች፤ ወንበር አስጠግታ ቦርሳውን ከቁምሳጥኑ አናት አወረደች። የሰው ቦርሳ መበርበር ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ እጇ ግን አልቆመም። ከወረቀቶቹ መሃል የመንገዳቸው ዝርዝር ተገኘ። በእጅ የተጻፈ ነው፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። በአንድ በኩል የቤት ቁጥር፣ በሌላው መሬቱ በመቶ ሜትር ስንት ሜትር እንደሚወርድ። ዘጠኝ፦ ሠላሳ አራት። አስራ አራት፦ ሃያ አንድ።

የራዲዮ ቤት ዘጠኝ ነው፤ የነሱ አስራ አራት። የነሱን ለራዲዮ፣ የራዲዮን ለነሱ። አንዲት ቁጥር ሳትዛነፍ ተገለባብጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር በስህተት አይመጣም፤ ሰው ነው ያደረገው አለች በልቧ።

«ቦርሳዬን ማን አወረደው?» እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማ፣ የኛን ቤት ከቀይ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሰፈሩ እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ትያለሽ ብዬ ግን አልጠበቅኩም።»

«ታዲያ ለምን ትደበቂያለሽ? ማክሰኞ ዕለት በስልክ ‹እንዳይሰማ› ስትይ ሰምቼሻለሁ።»

«ለነዚያ አራት ቤቶች እታች ትምህርት ቤቱ አጠገብ ምትክ ቦታ እንዲሰጣቸው ጠይቀናል፣ እኔና የወረዳው ቀያሽ። ገና አልተፈቀደም። ነግረናቸው ከተከለከለ ሰዎቹን ሁለት ጊዜ ማፈናቀል አይሆንም? ለዚያ ነው።» በልጇ እጅ ወዳለው ወረቀት ጠቆመች። «ይኼን መንገድ ደግሞ እኔ አልለካሁትም። የምኖርበትን ሰፈር አልለካም ብዬ ፈርሜ ነው የወጣሁት። የለካው እሱ ነው፤ የያዝሽውም የሱ ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብኩትም። ዓይኗን ጣል አደረገች እንዳይሉኝ ብዬ፣ እንደታጠፈ ካርታ ለሚሠራው ልጅ ሰጠሁት፤ እንደታጠፈ መለሰልኝ።»

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ሜትሬ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት ነበር። የእናቷ ዓይን ሲቀላ ያየችው አያቷ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ በሷ ምክንያት።

ወረቀቱ ግን አሁንም እጇ ላይ ነው፣ ቁጥሮቹም አሁንም ተገለባብጠዋል። እናቷ ካላደረገችው ማን አደረገው? ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበች። «አንድ፦ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ።»

ሜትሬ ደግማ አነበበችው። የውሃ ታንከሩ ያለው የመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። አጠገቡ ያለው ቤት ሃያ ሁለት እንጂ አንድ አይደለም። አንድ ቁጥር ያለው ከዋናው መንገድ መግቢያ ላይ ነው።

እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ከሰማያዊው አስራ አራት በታች ያለውን የዛገ አረንጓዴ ታርጋ በጨርቅ ፈተገችው፣ በጥፍሯ ፋቀችው። ዘጠኝ።

ከተማው ከዋናው መንገድ ተነስቶ ቆጥሯል። ወረዳው ከታንከሩ ተነስቶ ቆጥሯል። የወረዳው ቀያሽ በሚያውቀው በወረዳው ቁጥር ጻፈ፤ የከተማው ካርታ ሠሪ በሚያውቀው በከተማው ቁጥር አነበበ። ያጭበረበረ ሰው የለም። እናቷ ያቺን ወረቀት አንድ ጊዜ ከፍታ ቢሆን ኖሮ ታንከሩን አይታ ወዲያው ትነቃ ነበር። አልከፈተችም፤ እንዳትታማ ብላ።

ስለዚህ ቀይ መሆን ያለባቸው በሰማያዊው ቁጥር ከአስራ ሁለት እስከ አስራ አምስት ያሉት ናቸው፤ የነሱም ቤት እዚያው ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጨርቅ ይዛ በር ላይ የቆመችው።

ሁለት ቢሮ ሙሉ ሰው ያላየውን እኔ ለምን አያለሁ? አለች ለራሷ። ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ ብቻ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለት ደግሞ ምንም እንደማድረግ አይቆጠርም። ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳውን ቁምሳጥኑ አናት ላይ መለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ መስታወቱን ሲያስገባ ያፏጭ ነበር።

«ነይ፣ ነይ! ባለ መስኮቷ! ነይ እይ!»

ገባች። ክፍሉ ቀለምና እርጥብ እንጨት ይሸታል። አልጋዋ የሚቆምበት፣ ጠረጴዛዋ የሚቆምበት፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ተለይቷል። በአዲሱ መስታወት ውስጥ አሻግራ አየች። የኮረብታው ጎን እስከ ራዲዮ ጓሮ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። የራዲዮ አያት ትንሽ ዶማ ይዘው የሎሚውን ዛፍ ሥር ዙሪያውን በቀስታ ይቆፍራሉ። ሁለት ጊዜ ቆፍረው ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ደግሞ ጎንበስ ይላሉ።

«ምነው? አልወደድሽውም?» አለ አባቷ።

«ወድጄዋለሁ፣ አባዬ። በጣም ወድጄዋለሁ» አለች ሜትሬ። ውሸት አልነበረም። ማልቀስ አማራት።

ከዚያ ወጥታ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለች። «ራዲዮ! ደብተርሽን ይዘሽ ነይ! ቶሎ!»

እናቷ ቦርሳዋን አንግታ ወደ አዳራሹ ልትሄድ በሩን ስትከፍት ሜትሬ ሜትሩን ይዛ ከፊቷ ቆመች። ከትናንት ጀምሮ አልተነጋገሩም ነበር።

«እማ፣ ሳትሄጂ ጫፉን ያዢልኝ።»

«አሁን? እየጠበቁኝ እኮ ነው። ደግሞ ምን ልትለኪ...»

አልጨረሰችውም። በሩ ላይ የተፈተገውን ታርጋ አየችው። ዓይኗ ከሰማያዊው ወደ አረንጓዴው ወረደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጠችው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያነበበችው። ከዚያ ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ቆይ፣ ትናንት ለክተሽ የለም እንዴ?» ራዲዮ እያለከለከች ደርሳ ነበር። «ሁለት ከሃያ አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ራዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች።

አባቷ ፉጨቱን አቁሞ ከአዲሱ ክፍል ወጣ። ሚስቱን አየ፣ ጣውላውን አየ፣ ልጁን አየ። ምንድን ነው ብሎ ሊጠይቅ የነበረ ይመስላል፤ ግን ዓይኑ ሳያስበው ወደ ግንቡ፣ ወደ ስንጥቁ ሄደና እዚያው ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደ።

«ያለ ውሃ ልክ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ውሃ ልኩን ጣውላው ላይ አስቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎ ጣውላውን ያዘ፤ አረፋው መሃል ሲገባ እጁን አጸና።

እናቷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከች። የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ አሳርፋ ዜሮው ላይ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ያዝሽው?» አለች ሜትሬ።

«ያዝኩት» አለች እናቷ።

ሜትሬ ቁጥሩን አየች። ከዚያ ራዲዮ እንድትሰማው ጮክ ብላ አነበበችው።

«ስልሳ ስምንት። ጻፊ።»